ለሙክታር ያስቀመጥኳት ምላጭ

ኮረብታው በካርታው ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። እኛ «መላጣው» እንለው ነበር። አናቱ ላይ አንድ ቁጥቋጦ እንኳ አልነበረም፤ ግራ ጥጉን ብቻ ግራር ይዞታል። ስሙን ያወጣው ነስሩ ነው ይሉ ነበር፤ ነስሩ እኔ ነኝ፤ የፀጉር አስተካካይ ልጅ ስለሆነ ሌላ ነገር አይታየውም እያሉ ይስቁብኛል። እውነቱን ለመናገር ማን እንዳወጣው አላስታውስም። ኮረብታውን ግን አስታውሰዋለሁ። ዛሬም ዓይኔን ብጨፍን የትኛው ድንጋይ ከየትኛው ቀጥሎ እንዳለ መናገር እችላለሁ።

አሁን ጅማ ውስጥ፣ ከገበያው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ሁለት ወንበር ያለው ፀጉር ቤት አለኝ። ከአባቴ የወረስኩት ነው። ደንበኞቼ ብዙዎቹ ከየአገሩ ለትምህርት የመጡ ተማሪዎች ናቸው። ግድግዳው ላይ በወታደር ልብስ የተነሳሁትን ፎቶ ያዩና «ጋሼ ነስሩ፣ ጦርነት እንዴት ነበር?» ይሉኛል። የሚጠብቁት ፊልም ላይ ያዩትን ነው። «አቧራ ነበር» ብዬ አልፋቸዋለሁ። ሁለት ወር ገደማ ይሆነዋል፣ አንዱ ግን ሌላ ነገር ጠየቀኝ። ላጭቼው ስጨርስ አገጩን በመዳፉ ዳሰሰና «ጋሼ፣ ሼቩ በጣም አሪፍ ነው፤ ግን ለምንድነው ሽቶ የማይቀቡት? ሁሉም ፀጉር ቤት ይቀባል እኮ» አለኝ። ሒሳቡን ተቀብዬ ሸኘሁት። ይህን የምጽፈው ለእሱና ለእኩዮቹ ነው። ሰው ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ምላጭ ይዤ የምነግረው ነገር ስላልሆነ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ምላጭ ልናገር፤ አለዚያ የቀረው አይገባም። አባቴ ባለ ሁለት ስለት ምላጭ ሲገዛ ሚስት የሚያጭ ሰው ያህል ይቸገር ነበር። እሽጉን ሳይከፍት ያሸተዋል፤ ዝገት ዝገት ካለው ይመልሳል። ከዚያ የውስጡን ወረቀት በጣቶቹ ያሻል። ጥሩ ምላጭ ወረቀቱ ሰም የነካው ነው፤ የጅማ እርጥበት አይገባበትም። ቀጥሎ አንዷን አውጥቶ በመስኮቱ በኩል ወደ ብርሃን ያዞራታል። የሰላ ስለት አያበራም፤ ሲያዩት የሌለ ይመስላል። ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ካበራ ደንዟል ማለት ነው። መጨረሻ ላይ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ በስሱ ያሳርፋታል፤ ከነከሰች ይገዛል፣ ከተንሸራተተች ባለሱቁን ሰላም ብሎ ይወጣል። «ሰው የሚፈራው የሰላውን ነው» ይለኝ ነበር፤ «ደም የሚያወጣው ግን ደነዙ ነው፤ ደነዝ ስትይዝ እጅህ ይጫናል።» ለስላሳ ጢም በማንኛውም ይላጫል፤ ለሻካራ ጢም ግን ከእሽጉ ምርጧን ያስቀራል።

ምላጯን ከነወረቀቷ በጣቶቹ መሃል አጥፎ ለሁለት ይሰብራታል፤ አንዱ ግማሽ ለአንድ ፊት፣ ሌላው ግማሽ ለሌላ ፊት። ሥራውን የሚጨርሰው የሎሚ ሽታ ባለው ሽቶ ነው። ሽቶ ያልነካው ፊት ከአባቴ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ዛሬ ደግሞ ማንም ደንበኛ ምላጩ ከወረቀቱ ሲወጣ በዓይኑ ሳያይ አንገቱን አይሰጥም። በሽታ ያስተማረው ጥንቃቄ ነው፤ ደግ አደረጉ። እኔም ከፍ አድርጌ አሳያለሁ። ሳያዩ የሚቀመጡ አንድ ሰው ብቻ አሉኝ። ወደ እሳቸው እመለሳለሁ።

ስዘምት አባቴ አንድ እሽግ ምላጭ፣ ብሩሹንና የሽቶውን ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። እንደ ሌላው አባት መክሮ አልሸኘኝም። «ጠርሙሱን አጥብቀህ ክደነው» ነው ያለኝ።

ግንባር ስንደርስ የጋንታችን መሪ መቶ አለቃ ግርማ ነበር። ከእኔ ቢበልጥ አምስት ዓመት ነው። ንግግር አያበዛም። አንድ ሕግ ነበረው፤ በእሱ ጋንታ ጢም አይበቅልም። ውሃ በቆርኪ ተለክቶ በሚታደልበት ቦታ ይህ ለብዙዎቻችን እብደት ነበር። አንድ ቀን አሥር አለቃ ዓለምነህ ደፍሮ ጠየቀው። ዓለምነህ ከጎጃም የመጣ፣ ከሁላችንም በፊት ጦርነት ያየ ሰው ነው።

«መቶ አለቃ፣ ጠላት ጢማችንን አይቆጥር፤ ምን ያደርግልናል?»

«መጀመሪያ ፊቱን የተወ ሰው ቀጥሎ ጠመንጃውን ይተዋል» አለ ግርማ። «አይቼዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ የጠየቀ የለም። እኔም ብሩሽና ምላጭ ይዤ ስለተገኘሁ የጋንታው ፀጉር አስተካካይ ሆንኩ። ጥበቃው አልቀረልኝም፤ ሥራው ተጨመረልኝ እንጂ።

ከስንቅና ትጥቅ የሚመጣልን ምላጭ አባቴ በእጁ የማይነካው ዓይነት ነው። እሱም አይበቃንም፤ አንዱን ለስድስት ለሰባት ሰው እናደርገዋለን። የተሰበረ ብርጭቆ አግኝቼ ነበር፤ ምላጩን በውስጥ ጎኑ እየሞረድኩ ዕድሜውን አራዝማለሁ። ከቤት ያመጣሁትን ደግሞ በቁጠባ ያዝኩት። ለታመመ፣ ለቆሰለ፣ ፊቱ ለቆሰለበት ሰው ብቻ አወጣለሁ። ሽቶውንም እንዳያልቅ የምቀባው ቆርጬ ላደማሁት ሰው ብቻ ነበር።

ምሽጋችን ከመላጣው ፊት ለፊት ነው፤ ኮረብታውን ጠላት ይዞታል። ቀን ቀን ነፋሱ ከእነሱ ወደ እኛ ይነፍሳል። ሽንኩርት ሲያቁላሉ ይሸተናል። ጓደኛዬ ሙክታር አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሳና «ዛሬ ምስር ነው» ይላል። የጋንታችን ልጅ ታደለ «በርበሬ አንሶታል» ብሎ ይቀጥላል። እንስቃለን፤ አፋችን ግን ውሃ ይሞላል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነፋሱ ይገለበጣል፤ ከእኛ ወደ እነሱ ይሄዳል። ሁላችንም ይህን እናውቅ ነበር። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ እሳት እንዳናነድ፣ ሲጋራም እንዳይጨስ የተከለከልነው ለዚሁ ነው።

ሙክታር የየቡ ልጅ ነው። አባቱ አባ ፊጣ ቡና አላቸው፤ ከጅማ የቡ ለሚሄድ ሰው ከመንገዱ በስተግራ ይታያል። የተገናኘነው ማሰልጠኛ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ቀን ኦሮምኛዬን ሰምቶ «አቦ፣ አንተ ከተሜ ነህ፤ ቋንቋህ አስፋልት ይሸታል» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተለያየንም። ጢሙ ሽቦ ነበር። የስንቅና ትጥቅ ምላጭ እሱ አገጭ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል፤ ደረቅ ጭድ የማጭድ ይመስለኛል። ዓይኑ እንባ እያቀረረ ይቀልዳል። «ነስሩ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ ልጅቷ ሳታየው ይህን ፊት አትጨርሰው።»

ልጅቷ ታጭታለታለች። ቡና ተለቅሞ ሲያበቃ ኒካህ ሊታሰር ቀን ተቆርጧል። የአሥር ቀን ፈቃድ ተፈረመለት፤ ሐሙስ ጠዋት ወደ ኋላ በሚመለሰው መኪና ይሳፈራል። በዚያን ጊዜ ከአባቴ እሽግ የቀረችኝ አንዲት ምላጭ ናት። ሰማም ወረቀቷ ሳይነካ በደረት ኪሴ ይዣታለሁ። አወጣሁና አሳየሁት።

«አንዱን ግማሽ ሐሙስ ጠዋት እዚሁ እላጭሃለሁ» አልኩት። «ሌላውን ከነወረቀቱ ይዘህ ትሄዳለህ። በኒካህህ ቀን ማንም ይላጭህ፣ እጁ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ምላጯ አታሳፍርህም።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

ሙክታር ምላጯን ከእጄ ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አዞራት፤ እኔ ሳደርግ አይቶ ነው። «አታበራም» አለ ደስ ብሎት። መለሰልኝ።

ማክሰኞ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ትእዛዝ መጣ። ሦስት ሰው ለቅኝት። ከመላጣው ግራ ጥግ፣ ግራሩ ውስጥ፣ መትረየስ መኖር አለመኖሩን አይተው ይመለሳሉ። ተኩስ የለም። መነሻ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ግርማ ዓለምነህን ጠራ፤ ቀጥሎ ታደለን። ሦስተኛውን ለመምረጥ ሲያየን ሙክታር እጁን አወጣ።

«አንተ የሐሙስ ተሳፋሪ ነህ» አለው ግርማ።

«ሐሙስ እስኪደርስ ቁጭ ብዬ ምን ልሥራ? ዓይኔ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።»

እውነት ነው፤ ዓይኑ ከሁላችንም ይሻል ነበር። ግርማ ትንሽ አሰበና «እሺ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ሳይመሽ ላጫቸው» አለኝ። ወጪ ሰው ተላጭቶ ይወጣል፤ ይህም ከሕጉ አንዱ ነው።

በእጄ ያለው ከእሁድ ጀምሮ ሰባት ፊት የላጨ ምላጭ ነበር። ብርጭቆው ውስጥ ሞረድኩት። ወደ ጀምበሯ ሳዞረው ጠርዙ ከዳር እስከ ዳር አበራ። አበራ፤ አየሁ፤ ያዝኩት።

ዓለምነህ ቀድሞ ተቀመጠ፤ ጥርሱን ነክሶ ጨረሰ። አባቴ ቢሆን ሻካራውን ጢም ያስቀድም ነበር፤ ምላጩ ይበልጥ ሳይደነዝዝ። ሙክታር ግን ታደለን ወደ ፊት ገፋው። ታደለ ከሁላችንም ትንሽ ነው፤ አገጩ ላይ የነበረው ጥቂት ለስላሳ ፀጉር ብቻ ነበር። የሚላጭ ነገር አልነበረውም። ግን «እኔስ?» እያለ ስለሚለማመጠኝ ሁልጊዜ ሳሙና አረፋ አድርጌ በምላጩ ጀርባ እጠርግለታለሁ። የዚያን ቀንም እንዲሁ አደረግሁ። አገጩን እየዳሰሰ እንደ ትልቅ ሰው ተነሳ።

ሙክታር ተቀመጠና ዝቅ ባለ ድምፅ «ዛሬ ያቺን አውጣት» አለኝ።

«የቷን?»

«አቦ፣ ታውቃታለህ።»

«እሷ የሐሙስ ናት። ምዬልሃለሁ።»

«ሐሙስን አላህ ያውቃል። ዛሬ ፊቴ ያመኛል፣ ነስሩ።»

«ሁለት ቀን ታገስ እንጂ! ሙሽራ አይደለህም?»

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ሳቀና አንገቱን ሰጠኝ።

ሦስት ቦታ ቆረጥኩት። ሁለቱ ከመንጋጋው ሥር፣ አንዱ ማንቁርቱ አጠገብ። እጄ ተጫነ፤ አባቴ እንዳለው። ደሙ ከላቡ ጋር እየወረደ ኮሌታውን ነካው። ጠርሙሱን ከፈትኩና መዳፌን ሞልቼ ቀባሁት። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እጄ ግን ከአባቴ ቤት የለመደውን ያውቃል። ዓለምነህንም ቀባሁት፤ ታደለ ፊቱን አቀረበልኝ፣ እሱንም ቀባሁት። ምሽጉ ሎሚ ሎሚ ሸተተ። ሙክታር እያቃጠለው ዓይኑን ጨፈነና «አሁን ጅማ ገባሁ» አለ። ሁላችንም ሳቅን። መቶ አለቃው ራቅ ብሎ ካርታ እያየ ነበር።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ወጡ። ጎንበስ ብለው በደረቁ ቦይ ሄዱ፤ ዓለምነህ ከፊት፣ ሙክታር ከኋላ። ምላጩን የጠረግኩበት የጋዜጣ ቁራጭ እግሬ ሥር ነበር። ነፋሱ አነሳውና ከምሽጉ አውጥቶ ወደ መላጣው ያንከባልለው ጀመር። አየሁት። ዓይኔ አየው እንጂ ልቤ አልተረዳም። ብሩሼን አጥቤ ወደ ጥበቃ ቦታዬ ሄድኩ።

አንድ ሰዓት ከሩብ። መትረየስ ከግራሩ ተኮሰ። ሦስት ረጃጅም ተኩስ። አንድ የእጅ ቦምብ። ከዚያ ዝም። እኛ ጣታችን ቃታ ላይ ነበር፤ እንዳንተኩስ ታዘዝን። ሰዎቻችን መሃል ላይ ናቸው። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ዓለምነህ በደረቱ እየተሳበ መጣ። ታፋው ተመትቷል።

«አለ» አለ። «ሁለት መትረየስ ነው።»

«ሌሎቹስ?» አለ ግርማ።

ዓለምነህ ፊቱን አፈሩ ላይ ደፋ።

በቃሬዛ ወደ ኋላ ስንወስደው አንዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ለማረፍ ስናወርደው የእጄን አንጓ ያዘ። ሌሎቹ ውሃ ሊያመጡ ዞር እስኪሉ ጠበቀ።

«አንድም ድምፅ አላሰማንም» አለኝ። «ግራሩ ሥር ተኝተን ነበር። አንዱ ተነሳ። አፍንጫውን ሁለት ጊዜ ሲስብ ሰማሁት። ከዚያ ተኮሱ።»

በእጄ ላይ ያለው የሎሚ ሽታ ለእሱም ለእኔም ይሸተን ነበር።

«ለመቶ አለቃው አልነገርኩትም። አንተም አትናገር። ነገም የሚላጩ ሰዎች አሉ።»

ጠርሙሱን በነጋታው ምሽጉ ውስጥ ደፋሁት። አሁንም ስህተት ሠራሁ፤ አፈሩ ቀኑን ሙሉ ሲሸት ዋለ። አፈርኩ ብል ያንሳል። ራሴን ጠላሁት። ምላጯ በደረት ኪሴ ውስጥ እንዳለች ነበረች። ያኔ ብቻ ነው በትክክል ያሰብኩት፤ እሷን አውጥቼ ቢሆን አልቆርጠውም፤ ባልቆርጠው ጠርሙሱን አልከፍትም ነበር።

ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አጠቃን። መትረየሶቹ የት እንዳሉ አውቀናል፤ መድፉ ቀድሞ ግራሩን መታው። በቦዩ ወጣን። የመጀመሪያዎቹ ድንጋዮች ጋ ሁለት ሰው ወደቀብን። አልቆምንም። ከወገቡ በላይ መሸሸጊያ የለም፤ መላጣ ነው። ሮጥን፣ ተኛን፣ ሮጥን። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ አናቱ ላይ ነበርን። ያን ያህል ነው። ያ ድንጋያማ ቦታ እጃችን ሲገባ የጮኸ ወይም የጨፈረ አልነበረም። ሁሉም ውሃ ነው የጠየቀው።

ሙክታርንና ታደለን ግራሩ ሥር አገኘናቸው። ጎን ለጎን ነበሩ። የሙክታር ጢም ወጣ ወጣ ብሏል። ሰው ከሞተ በኋላም ጢሙ ያድጋል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ እኔ ግን ደነዙ ምላጭ የተወው መሆኑን አወቅሁ። ሦስቱ ቁስሎች ደርቀው ጠቁረዋል። ኮሌታውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ፤ ሽቶው አልነበረም። ከኪሴ ምላጯን አወጣሁ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለኝ ግርማ። ከኋላዬ ቆሟል።

«ልላጨው። ዛሬ ሐሙስ ነው።»

መቶ አለቃው የእጅ ሰዓቱን አየ። «አምስት ደቂቃ አለህ» አለኝና ፊቱን አዞረ።

በጦር ሜዳ የወደቀ ሸሂድ እንዳለ ነው የሚቀበረው። አይታጠብም፣ አይነካም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አምስቱን ደቂቃ ምላጯን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩና ወደ ኪሴ መለስኳት። ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ አዙረን ቀበርነው። ታደለን ከጎኑ አደረግነው፤ እሱ ክርስቲያን ነውና ዳዊት በቃሉ የሚያውቅ አንድ ጓድ ጸሎቱን ደገመለት።

ከተመለስኩ በኋላ የቡ ሄጄ አባ ፊጣ ዘንድ ለቅሶ ተቀመጥኩ። «አልተሰቃየም፤ በጥይት ነው» አልኳቸው። ሌላ አልተናገርኩም። እሳቸውም አልጠየቁኝም። ከዚያ በኋላ ግን በየሐሙሱ ገበያ ሲመጡ ራሳቸውን ሊላጩ ወደ እኔ ይገባሉ። ሃያ ከምናምን ዓመት። ለእሳቸው ምላጭ ስመርጥ አባቴም ያን ያህል አይመርጥም ነበር፤ ከአንድ እሽግ አንዷን፣ አንዳንዴም ምንም። ሌላው ሰው ምላጩን አሳየኝ ሲል እሳቸው ወንበሩ ላይ ይቀመጡና ቆባቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ያ ተማሪ ስለ ሽቶ በጠየቀኝ ቀን አባ ፊጣ አግዳሚው ላይ ተራ እየጠበቁ ነበር። ልጁ ወጣ። ዝናብ ጀመረ። እሳቸው ተቀመጡ፤ ግማሽ ራሳቸውን ላጭቼ ነበር።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «ልጁ የጠየቀህን እኔም ልጠይቅህ ስፈልግ ነው የኖርኩት።»

እጄን አቆምኩ።

«ሙክታር ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር። ‹ነስሩ እዚህም ሽቶ ይቀባናል፤ ዓይኔን ስጨፍን ሐሙስ ገበያ የመጣሁ ይመስለኛል› ይላል። ደብዳቤው ብዙ ነገር አለው፤ እኔ የያዝኩት ይህን ብቻ ነው። ልጄ መጨረሻ ላይ ያሸተተው ነገር ምን ይሆን እያልኩ እመጣለሁ። ዛሬ ይቀባኛል፣ ዛሬ ይቀባኛል እላለሁ። አንድም ቀን አልቀባኸኝም። ለምንድነው?»

እኔ ዕድሜ ልኬን የሸሸሁትን ነገር እሳቸው ሊፈልጉ ነበር የሚመጡት። ቆሜ ነገርኳቸው። ስለ ምላጯ፣ ስለ መሐላው፣ ስለ ሦስቱ ቁስል፣ ስለ ነፋሱ፣ አፍንጫውን ስለሳበው ሰው። «አባ፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ከእኔ ነው የመጣው።»

አባ ፊጣ መስታወቱ ውስጥ ራሳቸውን ያዩ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል።

«ጨርሰው» አሉኝ።

ጀመርኩ። በስንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከጆሯቸው ኋላ ቆረጥኳቸው። በጣታቸው ነኩት፤ ደሙን አዩት።

«እንዲህ ነበር የቆረጥከው?»

«አዎ፣ አባ።»

«ከዚያ ቀባኸው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ቀባኝ።»

ቤቴ ውስጥ ሽቶ የለም። ዝናብ ውስጥ ሮጬ ከጎረቤት ሱቅ ገዛሁ። ከፈትኩት። መዳፌን ሞልቼ ከጆሯቸው ኋላ፣ ከዚያ ራሳቸው ላይ፣ ከዚያ አገጫቸው ላይ ቀባሁ። አባ ፊጣ ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ሳቡ።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው፣ አባ።»

እንባቸው በሽቶው ላይ ወረደ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ከመሳቢያው ምላጯን አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ወረቀቷ ቢጫ ሆኗል። ሳይከፍቷት ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና ቆባቸውን ደፍተው ዝናቡ ሳያባራ ወጡ።

የሚቀጥለው ሐሙስ አልመጡም። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሐሙስም፣ የሚከተለውም። እኔ በነዚያ ሳምንታት ሙታኑን ቆጠርኩ። ሥራ ሲቀንስ የማደርገው ነው። ከጋንታችን በመላጣው ምክንያት አሥር ሰው ሞቷል። ሁለቱ ማክሰኞ ምሽት፣ ሰባቱ ሐሙስ ጠዋት፤ ዓለምነህ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ቁስሉ አመርቅዞ በሳምንቱ። መቶ አለቃ ግርማ በሌላ ኮረብታ ላይ በሌላ ወር ወደቀ፤ ከእሱ ጋር አሥራ አንድ። ከወዲያ በኩል ስንት እንደሆነ አላውቅም። አፍንጫውን የሳበው ሰው ከእነሱ አንዱ ይሆናል። ሥራውን ነው የሠራው፤ አልጠላውም። ከአሥራ አንዱ ሽቶ የቀባኋቸውን ሦስቱን ግን ለብቻቸው እቆጥራለሁ።

ጦርነት እንዴት ነበር ለምትሉኝ ልጆች ያለኝ መልስ ይህ ነው። ጀግንነት አላየሁም ማለቴ አይደለም፤ አይቻለሁ። በእኔ ላይ የቀረው ግን አንድ ጓደኛዬ ፊቴን ያመኛል ብሎ የለመነኝ፣ እኔም ነገ አለ ብዬ የከለከልኩት ምላጭ ነው።

በአራተኛው ሐሙስ ረፋድ ላይ አባ ፊጣ በሩ ላይ ቆመው «አሰላሙ አለይኩም» አሉ። ጫማቸው የቀይ አፈር ጭቃ ይዟል። ተራቸው እስኪደርስ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ከፊታቸው የነበሩት ሁለት ተማሪዎች ምላጩን አሳየን ብለው አይተው ተላጩ። ከዚያ እሳቸው ወንበሩ ላይ ወጡ።

«ምላጯን ቀበርኳት» አሉኝ። «ትልቁ ቡና ሥር። ከብት ረግጦ እንዳይቆረጥ ጥልቅ አድርጌ ቆፈርኩ።»

«ጥሩ አደረጉ፣ አባ» አልኩ።

አዲስ ምላጭ አነሳሁ። ወረቀቱን አሸሁ፣ ወደ መስኮቱ አዞርኳት፤ አላበራችም። ላሳያቸው ብዬ ፊታቸው ላይ ከፍ አደረግኳት። አባ ፊጣ ግን ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ ድሮው ምላጯን ሳያዩ አንገታቸውን ሰጡኝ።